ግራዝማች ከቡናቸው ጋር ሲተዋወቁ

መንግሥት ቸር የሚሆንበት ቀን አለው። አትሳቁ፤ እውነቴን ነው። እኔ ዕድሜዬን በመንግሥት ቤት የጨረስኩ ጸሐፊ ነኝና ይህን ቸርነት በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ በእጄም ገልብጬዋለሁ፣ ያውም በሦስት ቅጂ። ቸርነቱ ራሱ እንከን የለበትም። ችግሩ መንገዱ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ሲነሣ ‹‹ለገበሬው›› ተብሎ ነው የሚነሣው። ጅማን አልፎ፣ በደሌ ላይ ጭቃ ይዞት ሰንብቶ፣ እንደምንም መቱ ሲደርስ ግን ድካም ይጫነዋል። ከመኪና ይወርድና ዙሪያውን ያያል፤ አጥሩ የጸዳ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ጥሩ ቤት ካገኘ እዚያው ይገባል። ገበሬው ከዚያ ወዲያ ገና የአንድ ቀን የእግር መንገድ ይቀረዋል። ቸርነት ደግሞ፣ ምን ይደረግ፣ በእግሩ መሄድ አልለመደም።

የምነግራችሁ በጃንሆይ ዘመን፣ እኔ ጢሜ ገና ብቅ ሲል የሆነውን ነው። አባቴ ከነፃነት በኋላ ከሸዋ ለመንግሥት ሥራ መጥተው መቱ የቀሩ ሰው ነበሩ። እኔ ቤት ውስጥ በአማርኛ እየተቆጡኝ፣ ደጅ በኦሮምኛ እየተጫወትኩ አደግኩ። በዚህ በሁለት ምላስነቴ የተነሣ መቱ ባለው የእርሻ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊም አስተርጓሚም ሆኜ ተቀጠርኩ፤ ደመወዙ ግን የአንድ ምላስ ብቻ ነበር። አለቃዬ አቶ መኩሪያ ይባላሉ። የመሥሪያ ቤቱን ማኅተም በክር አስረው ከቀበቷቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ፣ ከዚያ ማኅተም በቀር በዓለም ላይ ምንም የማይፈሩ ሰው ነበሩ።

አንድ ቀን ከበላይ ትእዛዝ መጣ። ቡና ለሚያለሙ ሰዎች፣ በሚተክሉት ችግኝ ልክ፣ መንግሥት መደጎሚያ ገንዘብ ይሰጣል ይላል። እንግዲህ ኢሉባቦር ላይ፣ ቡናው ሳይጠሩት ከጫካው ወጥቶ ደጃፍ በሚቆምበት አገር፣ ቡና ትከሉ ብሎ ገንዘብ መስጠት ለጉሬዛ የዛፍ መውጫ መሰላል እንደ መግዛት ነው። ግን ማን ቅር ይለዋል? ጉሬዛውም ቢሆን መሰላሉን አልፈልግም አይልም፤ ይሸጠዋል።

የትእዛዙ ቁም ነገር ያለው ሁለተኛው ገጽ ላይ ነበር። ‹‹አልሚ ማለት በስሙ የመሬት ግብር የተገበረበት ደረሰኝ ያለው ሰው ነው›› ይላል። አቶ መኩሪያ ይህን ሲያነቡ ፊታቸው በራ። ‹‹ግልጽ ነው!›› አሉ። በእርግጥም ግልጽ ነበር። ማን እንደሚቆፍር አይጠይቅም፤ ማን እንደሚያርም፣ ማን እንደሚለቅም አይጠይቅም። ወረቀት ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ ወረቀት ደግሞ መሬት ላይ ሳይሆን ሣጥን ውስጥ ነው የሚበቅለው።

በሳምንቱ መቱ ላይ የበቀለውን አልሚ ብታዩ! የጠጅ ቤቱ ባለቤት አልሚ ሆነ። የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ኃላፊ አልሚ ሆኑ። ስልክ ቤት የሚሠራውም አልሚ ሆኖ ስልኩን ለአንድ ሙሉ ቀን ዘግቶ ተሰልፎ ዋለ። ልብስ ሰፊውማ ጫማው ላይ ጭቃ ለጥፎ መጣ። መቱ ጭቃ አጥታ አታውቅም፤ የእሱ ግን ገና ከሱቁ ደጃፍ የተነሣ እንደሆነ ጭቃው ላይ የተጣበቀው ክር ይመሰክርበት ነበር። ደግነቱ ጭቃ ማስረጃ አልነበረም። ደረሰኙን አሳየ፤ መዘገብኩት።

ከሁሉም የከበሩት አልሚ ግራዝማች በላቸው ነበሩ። ከነፃነት በኋላ ላገለገሉበት ከመቱ የአንድ ቀን የእግር መንገድ በሚርቀው ዳሪሙ ላይ አንድ ጋሻ መሬት ተሰጥቷቸዋል። ቤታቸው መቱ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ነው፤ በረንዳው ሰፊ ነው፤ ግራዝማችም ከዚያ በረንዳ ብዙም አይርቁም። መሬታቸውን አይተውት አያውቁም። በየዓመቱ ወኪላቸው ከዚያ ቡናና ማር በበቅሎ ጭኖ ይመጣል፤ እሳቸውም መሬቱ ጤና እንደሆነ በዚያ ያውቃሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ክፋት ድካም ይጠይቃል። ጭሰኛቸውን ‹‹ያ የዳሪሙው ሰው›› ይሉታል፤ ስሙን እንኳ የሚያውቀው ወኪሉ ነው።

እኔ ግን የዚያን የዳሪሙ ሰው ስም አንድ የገበያ ቀን አወቅኩት። ኦቦ ዲንሳ ይባላሉ። (ያን ጊዜ ‹‹አንተ›› ነበር የምላቸው፤ የመንግሥት ጸሐፊ ገበሬን አንቱ ካለ ማዕረጉ የሚቀንስ ይመስለን ነበር። አሁን አንቱ ስላቸው አክብሮቴ የዘገየ መሆኑን ልብ በሉልኝ።) ከባለቤታቸው ከአዴ ቦንቱ ጋር በሌሊት ተነሥተው፣ ቀኑን ሙሉ ተጉዘው፣ ዘመድ ቤት አድረው በማለዳ በራችን ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ኦቦ ዲንሳ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። አዴ ቦንቱ ደግሞ አጭር፣ ደልደል ያሉ፣ ባላቸው የቆጠቡትን ቃል ሁሉ የሚያወጡ ናቸው።

‹‹መንግሥት ቡና ለተከለ ሰው ይሰጣል ሲባል ሰማን›› አሉኝ በኦሮምኛ። ‹‹እኛ ተክለናል። መጥታችሁ ቁጠሩት።››

‹‹የግብር ደረሰኝ አላችሁ?››

ኦቦ ዲንሳ ራሳቸውን ነቀነቁ። ‹‹ደረሰኙ ግራዝማች ጋ ነው።››

‹‹እንግዲያው አልሚው እሳቸው ናቸው›› አልኩ፤ ትእዛዙን በጣቴ እያሳየሁ፣ የማይነበብላቸውን ነገር እንደሚነበብላቸው አድርጌ።

አዴ ቦንቱ ወረቀቱን አዩና ወደ እኔ ዞሩ። ‹‹ግራዝማች ቡናውን አይተውት ያውቃሉ?››

‹‹ደረሰኙን ይዘዋል።››

‹‹ደረሰኙ ያብባል?››

እንዲህ ላለው ጥያቄ ትእዛዙ ላይ የተጻፈ መልስ አልነበረም። ‹‹ደህና ግቡ›› አልኳቸው። ወጡ። የገበያውን ሰው እየሰነጠቁ ቁልቁል ሲወርዱ በመስኮት አየኋቸው፤ ከዚያ የሚቀጥለውን አልሚ ጠራሁ።

ግራዝማች መደጎሚያቸውን ተቀበሉ። ምን እንዳደረጉበት የምታውቁ ከሆነ እናንተም መቱ ነበራችሁ ማለት ነው፤ ካልሆነ ልንገራችሁ፤ በረንዳቸውን አሰፉበት። ቡናም ለማ፣ በረንዳም ሰፋ።

በዓመቱ ሌላ ትእዛዝ መጣ። ይኼኛው የባሰ ቸር ነበር። መሬቱን ያለ ጭሰኛ፣ በራሱ ጉልበትና በራሱ ሠራተኛ ለሚያለማ ሰው መደጎሚያው እጥፍ ይሆናል አለ። ያሰበው ሰው መልካም አስቦ ይሆናል፤ ባለመሬቱ ከከተማ ወጥቶ ዶማ እንዲይዝ። ግራዝማች ግን ነገሩን በአጭሩ ነው የተረዱት። ራሳቸው ወደ መሬቱ ከሚሄዱ ጭሰኛው ከመሬቱ ቢሄድ ይቀላል። ጽሕፈት ቤታችን መጥተው አጠገቤ ተቀመጡና ደብዳቤ አስጻፉኝ። ‹‹የዘንድሮውን ቡና ለቅመህ፣ አድርቀህ፣ ድርሻዬን ካስረከብክ በኋላ መሬቴን ለቀህ እንድትሄድ›› የሚል። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ መጀመሪያ ልቀም፣ ቀጥሎ ሂድ። እኔም ጻፍኩት። በቀይ ቀለም አርእስት አወጣሁለት። እጄ ጽሑፍ ላይ ያማረ ነው ይሉኝ ነበርና ያን ቀን ከወትሮውም አሳመርኩት። ወኪሉ ወስዶ ዳሪሙ አደረሰው።

ነገሩ በዚሁ ያልቅ ነበር፤ ግን አዲስ አበባ አንዳንዴ እንቅልፍ አይወስዳትም። ጥቅምት ሊብት ሲል አንድ ተቆጣጣሪ መጣ። ወጣት ነው፤ የእርሻ ትምህርት ተምሮ የወጣ፣ ካኪ የለበሰ፣ እስከ ጉልበቱ የሚደርስ የጎማ ቦት ያደረገ፣ ደብተር ከእጁ የማይለይ። አቶ መኩሪያ በደንቡ መሠረት ግራዝማች ቤት ምሳ ጋበዙት። ዶሮው ተበላ፤ ጠጁ ተጠጣ። አቶ መኩሪያም ‹‹እንግዲህ እነሆ፣ አርአያ የሚሆኑት አልሚያችን!›› ብለው ግራዝማችን በእጃቸው አመለከቱ።

‹‹በጣም ደስ ብሎኛል›› አለ ተቆጣጣሪው። ‹‹ቡናውን መቼ ነው የምናየው?››

አቶ መኩሪያ ማኅተማቸውን ጨበጡ። ‹‹አልሚውን አይተዋል እኮ።››

‹‹አልሚውንማ አየሁ። ቡናውን ነው የምለው። ነገ በጠዋት እንውጣ።››

ግራዝማች ትን አላቸው።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ በበቅሎ ተነሣን፤ ተቆጣጣሪው፣ ግራዝማች፣ በቅሎ የሚጠብቀው አሽከራቸውና እኔ። ወኪሉ እንዲመራን ተፈልጎ ነበር፤ ግን ጎሬ ለክርክር ሄዶ ነበርና አልተገኘም። ስለዚህ የመሬቱ ጌታ ራሳቸው ፊት ፊት መሩን። ነጭ ሱሪ፣ ጥቁር ካፖርት፣ ከዘራ። የመጀመሪያው መንታ መንገድ ላይ በቅሏቸውን አቆሙ። ቀኝ አዩ፤ ግራ አዩ። ወደ ሰማይም አዩ። ‹‹በዚህኛው ይሻላል›› አሉ። ‹‹ይሻላል›› የሚለውን ቃል ወድጄዋለሁ፤ ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው ነው የሚያስመስለው። ግማሽ ሰዓት ሄደን መንገዱ የአንድ ሰው ጓሮ ውስጥ ገብቶ አለቀ።

ተመለስን። እንዲህ እያልን ሄድን፣ ተመለስን፣ ሄድን። ፀሐይ ወደ ላይ ወጣች፤ ማዘቅዘቅም ጀመረች። በመጨረሻ አንድ ሰው ትልቅ ዛፍ ላይ ወጥቶ ቀፎ ሲሰቅል አገኘን። ግራዝማች ከዘራቸውን ወደ ላይ አንሥተው ‹‹የግራዝማች በላቸው የቡና መሬት ወዴት ነው?›› አሉ፤ እኔም ተረጎምኩ። ሰውየው ቅርንጫፉን እንዳቀፈ አሰበ። እንዲህ የሚባል ሰው አላውቅም አለ። አባቱም የሚያውቁ አይመስለውም። ጨነቀኝና ‹‹ዲንሳ የሚባሉ ሰው የሚኖሩበት›› አልኩት።

‹‹ኦሆ! ቡነ ዲንሳ!›› አለና ከላይ ሆኖ በአገጩ አቅጣጫውን አሳየን። ‹‹ታዲያ የዲንሳ ቡና አትሉም!››

ይህቺን ለመረዳት ኦሮምኛ ማወቅ አያስፈልግም። ተቆጣጣሪው ወደ ግራዝማች ዞረ። ‹‹ዲንሳ ማነው?››

ግራዝማች ጥቂት አሰቡ። ‹‹እኔው ነኝ›› አሉ። ‹‹ገበሬው በፍቅር ያወጣልኝ ስም ነው።››

እኔ ያን ጊዜ የበቅሎዬን ጆሮ የተመለከትኩትን ያህል በሕይወቴ ሙሉ የማንንም ጆሮ ተመልክቼ አላውቅም።

ደረስን። ይህን ቦታ በቀልድ ልንገራችሁ ብል አይሆንልኝም፤ ስለዚህ በቀጥታ እነግራችኋለሁ። በትልልቅ የዋንዛና የብርብራ ዛፎች ጥላ ሥር ቡናው በረድፍ በረድፍ ቆሟል። ፍሬው መቅላት ጀምሯል። ከሥሩ አንድ አረም የለም። ከጎጆው ጎን በሣር ዳስ የተሸፈነ የችግኝ መደብ አለ፤ ችግኞቹ ልክ እንደ ተማሪ ተሰልፈዋል። አንድ ዓመት ሙሉ ‹‹ቡና ልማት›› እያልኩ ስጽፍ ልማቱ ምን እንደሚመስል ያየሁት ያን ቀን ነው። በቀይ ቀለም አርእስት ያወጣሁለት ደብዳቤ ትዝ አለኝና ከበቅሎዬ ለመውረድ እግሬ ዘገየ።

ኦቦ ዲንሳና አዴ ቦንቱ ከቤት ወጡ። ካኪውንና ቦቱን ያዩት ኦቦ ዲንሳ በሁለት እጃቸው የተቆጣጣሪውን እጅ ይዘው ጎንበስ አሉ። ‹‹ጎፍታ ግራዝማች፣ እንኳን በደህና መጡ።››

‹‹እኔ አይደለሁም!›› አለ ተቆጣጣሪው፣ ‹ጎፍታ› ጌታዬ ማለት መሆኑን ስተረጉምለት። ‹‹እሳቸው ናቸው። አትተዋወቁም እንዴ?››

‹‹አቧራው ፊቴን ለውጦት ነው›› አሉ ግራዝማች።

ተቆጣጣሪው መሬቱን አየ። ከመቱ እስከዚያ የመጣነው በጭቃ ነበር። ደብተሩ ላይ አንድ ነገር ጻፈ። ከዚያ ወደ ችግኝ መደቡ ሄደና በትሕትና፣ የእውነት በትሕትና፣ ‹‹ግራዝማች፣ ይህን የመሰለ ችግኝ ብዙ ቦታ አላየሁም። ከመደቡ ሲያነሡት ሥሩ እንዳይጎዳ እንዴት እንደሚያደርጉ ቢያሳዩኝ፣ ለሌሎች አልሚዎች አስተምርበታለሁ›› አለ።

ግራዝማች ካፖርታቸውን ለአሽከራቸው ሰጡ። እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ጎንበስ ብለው አንድ ቅጠል አንገቱን ጨበጡና እንደ ጎመን ነቀሉት። በእርግጥም ጎመን ነበር፤ አዴ ቦንቱ ከመደቡ ዳር የዘሩት። አዴ ቦንቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ትከሻቸው ግን ነጠላ አልነበረበትምና ሲንቀጠቀጥ ታየ።

‹‹አንዴ ና›› አሉኝ ግራዝማች። ከጎጆው ጀርባ ወሰዱኝ። ግንባራቸው አልቦታል። ‹‹ያን የዳሪሙውን ሰው ንገረው፤ እሱ ያሳይ። ሠራተኛዬ ነው፣ ያስተማርኩትም እኔ ነኝ ብለህ ተርጉም። አደራህን!››

ሄጄ ለኦቦ ዲንሳ ነገርኳቸው። ወደ ቤት ገብተው በኮባ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ወጡ፤ ፈቱት፤ የእኔ ደብዳቤ ነው። የአጥቢያቸው ቄስ እንዳነበቡላቸው ነገሩኝ። ጽሑፉ ያማረ ነው ብለው አመስግነውኝ ነበር፤ ቄሱ።

‹‹ልቀቁ ተባልን›› አሉ አዴ ቦንቱ። ‹‹እንግዲህ እንግዶች ነን። እንግዳ የሰው ቡና አይነካም። ጌታው ያሳዩ፤ እኛ ቆመን እናያለን።››

‹‹አዴ ቦንቱ፣ ሰውየው ከአዲስ አበባ…››

‹‹ይሁና! ጎመኔን አይቶ ይሂድ።››

ያን ጊዜ ነው ኦቦ ዲንሳ የተናገሩት። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ‹‹ያቺን ዋንዛ ታያታለህ?›› አሉኝ። ‹‹ሥሯ የተቀበረችው የመጀመሪያ ልጃችን ናት። ያን የመጀመሪያውን ረድፍ የተከልኩት በዚያ ዓመት ነው። መሬቱ የግራዝማች ነው አላችሁ፤ እሺ አልን። ቡናው የግራዝማች ነው አላችሁ፤ እሺ አልን። አሁን ልጄን ትቼ ወዴት ነው የምሄደው?›› ቀጥለውም ደብዳቤውን ገለበጡት። ጀርባው ባዶ ነው። ‹‹እዚህ ላይ ጻፍ። አንተ ስትጽፍ ሰው ከመሬቱ ይነሣል። እስቲ ደግሞ ስትጽፍ ይቀመጥ እንደሆነ እንይ።››

ጓደኞቼ፣ እኔ ጀግና አይደለሁም። ግን ወረቀቱን ይዤ ወደ ጎጆው ጀርባ ተመለስኩና ‹‹ግራዝማች፣ ሰውየው ውል ይፈልጋል›› አልኳቸው። ተቆጡ፤ በሹክሹክታ ስለነበር ቁጣው አላማረባቸውም። በዚህ መሐል ተቆጣጣሪው ከወዲያ ‹‹ግራዝማች?›› ብሎ ተጣራ። ‹‹ዝግጁ ነዎት?››

‹‹ጻፍ!›› አሉኝ።

ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጻፍኩ። ግራዝማች በላቸው ዲንሳን ከዚህ መሬት ላያስነሡ፣ ከሲሶ በላይም ላይጠይቁ። እነ ኦቦ ዲንሳን ጠርቼ በኦሮምኛ አነበብኩላቸው። አዴ ቦንቱ ጣታቸውን አነሡ። ‹‹ዲንሳ ቢሞትስ?›› አሉ። ‹‹እኔስ? ልጆቻችንስ? ‹ልጆቹንም› በል።›› ‹‹ሚስቱንም፣ ልጆቹንም›› ብዬ ጨመርኩ። ግራዝማች እንደ ተናዳፊ ነገር ብዕሩን በሁለት ጣት ይዘው ፈረሙ። ኦቦ ዲንሳ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ወረቀቱ ላይ አሳረፉ። ያ ጣት ከፊርማው ሁለት እጥፍ ቦታ ያዘ።

ቀና ስንል ተቆጣጣሪው አጠገባችን ቆሟል።

‹‹ምንድን ነው እሱ?››

አስተርጓሚ ነኝና ዝምታውን መተርጎም የእኔ ፋንታ ሆነ። ‹‹ውል ነው›› አልኩ።

ተቀበለኝ። አነበበ። ገለበጠና ፊቱንም አነበበ፤ በዚያው እጅ የተጻፈውን። ‹‹ያው ጸሐፊ ነው›› አለና ቀና ብሎ አየኝ። ቀጥሎ የግራዝማችን እጅ አየ፤ ከኦቦ ዲንሳ አውራ ጣት ላይ ደግሞ ዓይኑን ለረጅም ጊዜ አላነሣም። ‹‹ምስክር ያስፈልገዋል›› አለ። ብዕሩን ከኪሱ አውጥቶ ስሙንና ማዕረጉን ጽፎ ፈረመበት። ወረቀቱን ለግራዝማች አልመለሰላቸውም፤ ለአዴ ቦንቱ ነው የሰጣቸው።

‹‹አሁን ሥራውን እንይ›› አለ።

ኦቦ ዲንሳ ያን ቀን ያሳዩት ሥራ! ችግኙን ከነአፈሩ በሹል እንጨት ዙሪያውን እየቆረጡ አነሡት፤ እንደ ሕፃን በመዳፋቸው ተሸክመውት ሄዱ። በየትኛው ዛፍ ጥላ ሥር፣ ከየትኛው ራቅ ብሎ እንደሚተከል፣ ጉድጓዱ ስንት ሳምንት ተከፍቶ ፀሐይ እንደሚመታው ተናገሩ። ያ ቃል ቆጣቢ ሰው ስለ ቡና ሲሆን አላቆም አለ። ተቆጣጣሪው ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ጻፈ፣ ጠየቀ፣ ጻፈ። እኔም አንድ ቃል ሳልጨምርና ሳልቀንስ ተረጎምኩ። ‹‹ያስተማሩኝ ግራዝማች ናቸው›› የሚለውን ግን አልተረጎምኩም፤ ኦቦ ዲንሳ አላሉትማ። ግራዝማች ዋንዛዋ ሥር ተቀምጠው እያዳመጡ ነበር። ውሸት ለምን ልናገር፣ በመጨረሻ እሳቸውም ‹‹ጥላው በየትኛው በኩል ይሁን ነው ያለው?›› ብለው ጠየቁ። የተማሩ መሰለኝ።

እንግዲህ ተቆጣጣሪው ይህን ሁሉ አይቶ የዲንሳን ስም ወደ አዲስ አበባ የላከ ይመስላችኋል። እኔም መስሎኝ ነበር። ሊሄድ ሲል ጽሕፈት ቤት ገብቶ የሪፖርቱን ቅጽ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋ። ‹‹የአልሚ ስም፣ የደረሰኝ ቁጥር›› የሚል አንድ መስመር አለው። ‹‹ደረሰኝ የሌለው ሰው የሚጻፍበት መስመር የትኛው ነው?›› አለኝ። ‹‹የለም›› አልኩት። ገጹን አገላብጦ ፈለገ። የለም። በመጨረሻ ‹‹ግራዝማች በላቸው›› ብሎ ጻፈ። ከሥሩ የኦቦ ዲንሳን ሥራ ዘርዝሮ አምስት ገጽ ሞላ። አዲስ አበባ ያለ ሰው ሁሉ ያንን አንብቦ ተደነቀ።

በዓመቱ ግራዝማች ጎሬ ላይ በአርአያ አልሚነት ተሸለሙ። እዚያው ተነሥተው ንግግር አደረጉ። ‹‹ችግኝ እንደ ሕፃን በመዳፍ ነው የሚያዝ›› ሲሉ ሕዝቡ አጨበጨበ፤ አንዳንድ ወይዛዝርትም እንባ ተናነቃቸው። ኦቦ ዲንሳ ጭብጨባውን አልሰሙም። ዳሪሙ ላይ ቡናቸውን ይለቅሙ ነበር፤ ከለቀሙ በኋላም አልሄዱም።

አሁን ይህን ሁሉ ስነግራችሁ አንዳችሁም ‹‹አንተስ?›› አላላችሁኝም። ስለ ጨዋነታችሁ አመሰግናለሁ። አባቴ ሲያርፉ ኖፓ አካባቢ ትንሽ መሬት ከነደረሰኟ ትተውልኝ ነበር። የአልሚዎቹን መዝገብ የጻፍኩት እኔ አይደለሁም? ሦስተኛው ተራ ላይ ስሜ ነበር። ገንዘቡንም ተቀብያለሁ፤ ለሥራ የሚሆን ጥሩ ሱፍ ገዝቼበታለሁ። መሬቷን ግን አይቻት አላውቅም ነበር።

ተቆጣጣሪው ሲሰናበተን ‹‹በሚቀጥለው ወደ ኖፓ ነው የምሄደው›› ብሎ ነበር። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ መሬቴን ናፈቅኩ። በቅሎ ተከራይቼ ሄድኩ፤ ጠይቄ ጠይቄ ደረስኩ። መሬቷ ላይ የሚኖሩት አንድ ሽማግሌ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ስሜን ስነግራቸው አልደነገጡም። ‹‹ተቀመጥ›› ብለው ጎረቤት አስጠሩ፤ ሁለት ሰዎች መጥተው ለምስክርነት ተቀመጡ። ሽማግሌው ከጣሪያው ሥር ወረቀት አወጡ፤ ከመቱ ገበያ የተገዛ፣ ንጹሕ፣ ያልተጻፈበት።

‹‹ለዲንሳ የጻፍከውን ጻፍልኝ።››

ማንበብ አይችሉም። እኔ ደግሞ ልምድ ያለኝ ጸሐፊ ነኝ። ጻፍኩ፤ ፈረምኩ፤ በኦሮምኛም አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አብረውኝ አሉት፤ ቃል በቃል። ከዳሪሙ እስከ ኖፓ ሰው ሁሉ በቃሉ አጥንቶት ኖሯል። ስጨርስ ዓይናቸውን ገለጡ።

‹‹ኢጆሌ ኢሳስ›› አሉኝ። ‹‹‹ልጆቹንም› የሚለውን ዘለልከው።››

ቦታ ጠቦኝ ነው አልኳቸው። አላመኑኝም። እናንተም አታምኑኝም። ብዕሬን ቀለም ነክሬ ጨመርኩላቸው።